አጭር ምስማር

ታላቁ ወረርሽኝ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ገና ሳይጠራ፣ አገረ ገዢው በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ከነሰዎቹ ከውጭ ይታሸግ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ከወንዙ ማዶ በምትኖረው ጨርቅ ቀለም ነካሪ ሴት በር ላይ ሳንቃ አጋድሞ ምስማር የመታው ደግሞ፣ ለልጇ አልጋ የሠራላት ጎረቤቷ አናጢው ነበር። ሴትዮዋ ከውስጥ ሆና መዶሻውን ሰማች፤ “ጋሼ፣ እኛ እኮ ነን” ብላ ተጣራች፤ መዶሻው አላቆመም። ባሏ ሞተ፤ ልጅቷም ውሃ ውሃ እንዳለች ተከተለችው። ቀባሪዎች የጓሮውን ግድግዳ አፍርሰው ሲገቡ በሕይወት ያገኙት እሷን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የኖረችው አናጢውን ለመበቀል ነው። እህቷ፣ ሰው ሲፈጠር ደግ ነው፣ ያከፋው ፍርሃት ነው ብትላት፣ “ታዲያ ያን ለት ደግነቱን ቤቱ ረስቶት መጣ?” ትላት ነበር።

አሮጌው አገረ ገዢ ተሽረው አዲሱ ሲሾሙ፣ ሰው ያሸጉ ሁሉ ይከሰሱ ተባለ፤ ቅጣቱ ስቅላት ነበር። ቀድማ ችሎት የቆመችው እሷ ናት። አናጢው አልካደም፤ ዳኛው ቤቱን ይዩልኝ ብሎ ብቻ ለመነ። ሦስቱም በፈረሰው ግድግዳ ገቡ።

“እህቴ፣ እስቲ በሩን ግፊው” አላት።

በመዳፏ ገፋችው። በሩ ሳንቃውን እንዳዘለ ወደ ውጭ ተከፈተ። ምስማሮቹ አጫጭር ነበሩ፤ ሳንቃውን ከበሩ ጋር አጣብቀው መቃኑን ሳይነኩ ቀርተዋል። እሷ ግን መዶሻውን ሰምታ ስለ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ በሩን ሞክራው አታውቅም።

“ያን ለት የመቶ አለቃው ከነወታደሮቹ ከኋላዬ ቆሞ ነበር” አለ አናጢው። “ሲመሽ ገፍታችሁ ትወጣላችሁ ብዬ ነው።”

ስቅላቱ ከእጇ ሲያመልጥ ተሰማት፤ ይህ ከመዶሻውም ባሰባት።

“ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላስ? በደጄ ስታልፍ በሩ እንደተዘጋ አላየህም? ጠጋ ብለህ ‘ግፉት’ ማለት አቃተህ?”

“ፈራሁ።”

“ደግነትህም እንደ ምስማርህ ነው። አጭር።”

ወደ ችሎት ተመልሰው ዳኛው ምን ይፈረድልሽ ሲሏት፣ ስቅላቱን ተወችው፤ “ጌታዬ፣ ይህን በር ከነሳንቃው ነቅሎ በገዛ ቤቱ ይግጠመው፤ እስኪሞት በሱ ይውጣ፣ በሱ ይግባ” አለች። ታዳሚው ምሕረት መስሎት መረቃት። እሷ ግን ከአናጢው ፊት ለፊት ቤት ተከራየች፤ በየማለዳውም በመስኮቷ ተቀምጣ፣ ያን በር ሲገፋው ታየው ጀመር።

ከዓመታት በኋላ ወረርሽኙ ተመለሰ። አንድ ማለዳ በሩ ሳይከፈት ረፈደ፤ ከውስጥ ደካማ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎም ውሃ የሚል ድምፅ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነበር። ሴትዮዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ከመስኮቷ ሳትነሣ ቆየች።

የዘመኑ ጸሐፊዎች የአዋጁን ቃል፣ የዳኛውንም ርኅራኄ ጽፈው አቆይተዋል፤ ቀለም ነካሪዋንም ይቅር ባይዋ ሴት ብለዋታል። ስለዚያች ማለዳ የጻፈ የለም።