ተቆጣጣሪው ያላያት ልጅ

የአራት ዓመቷ አበቡ በመካነ ሰላሙ መጠለያ መኝታዋ ላይ ሞታ የተገኘችው፣ ከደሴ የመጣው የመንግሥት ተቆጣጣሪ «ልጆቹ ሁሉ ይራመዳሉ» ብሎ ባመሰገነበት ዕለት ማምሻ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የተከፈተው መጠለያ፣ እግራቸው ያልጸና ሕፃናት እየታሹ መራመድ የሚለማመዱበት ነበር። አበቡ ግን አንድም ቀን ቆማ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የመጠለያው ኃላፊ ብዙነህ በፖሊስ ፊት ጣቱን ሞግዚቷ ላይ ቀሰረ።

«አጥሚት ያጠጣቻት ዘሊካ ናት። መርዛታለች! አስራችሁ ደሴ ላኩልኝ።»

«ቀስ ይበሉ፣ ጓድ ብዙነህ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አለ መቶ አለቃ በላይ። ከሳሽ ሲጣደፍ ጆሮው የሚቆም ፖሊስ ነው። ጎንበስ ብሎ ሬሳዋን መረመረ፤ ቁስልም ትውከትም የለም። ቀሚሷ ግን የሻገተ እህል ይሸታል።

«ዘሊካ፣ እንግዳው ሲመጣ የት ነበርሽ?»

«ወላሂ ጌታዬ፣ ልብስ እጠቢ ብለው ወንዝ ልከውኝ ነበር። ስመለስ ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት አሉኝ።»

«ማን?»

ዘሊካ መሬት መሬቱን እያየች «ጋሽ ብዙነህ» አለች።

በላይ ወደ ዘበኛው ዞረ። «ካሳ፣ እዚህ ግቢ የእህል ጉድጓድ አለ?»

«ከጓሮ አለ። እኔ በሩን ስጠብቅ ነው የዋልኩ እንጂ አልደረስኩበትም። ከተዘጋ ቆይቷል፤ በዚህ ዘመን ምን እህል አለና!»

በላይ ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበ፤ ከተማው ውስጥ ያደረው ተቆጣጣሪ መለሰና አልታየች የተባለችው የአበቡ እናትም መጡ። ድንጋዩን አስነሥቶ የበራ ኩራዝ በገመድ አወረደ። ወዲያው ጠፋ።

«አያችሁ? ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ ትንፋሹ ይገድላል። አበቡ በእግሯ አልመጣችም፤ ሰው ተሸክሞ አምጥቶ በገመድ አውርዷታል። ሊገድላት ቢሆን እዚሁ በተዋት፣ አውጥቶ መኝታዋ ላይ ባላስተኛት። ሊደብቃት ነው፤ የማትራመድ ልጅ በተቆጣጣሪ ፊት ታሳፍራለችና። ዘሊካና ካሳ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ጉድጓድ ሳያናፍሱ ዶሮ እንኳ አያስገቡም። ከግቢው ሰዎች ይህን የማያውቅ የከተማ ልጅ አንድ ብቻ ነው፤ ዘሊካን ወንዝ የላካትም እሱው ነው።»

ብዙነህ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። «እንግዳው እስኪሄድ ብቻ ነበር... ለውጥ የማይታይበት መጠለያ ይዘጋል ብላችሁን የለም ወይ፣ ጓድ መለሰ!»

መለሰ አንገቱን ደፋ፤ በእርግጥ ብሎ ነበር። በላይም እውነቱን ማግኘቱ አላኮራውም፤ ትናንት ከእንግዳው ጎን ቆሞ ሲያጨበጭብ «ሌላ ልጅ የለም ወይ?» ብሎ አልጠየቀምና እፍረት አንገበገበው።

አልታየች ወደ መለሰ ቀረበች። እንባዋ ደርቋል።

«ጌታዬ፣ ልጄ በዚህ ሳምንት ያለ ደጋፊ መቀመጥ ጀምራ ነበር። ቢያዩዋት ደስ አይልዎትም ነበር?»