ምንም አይደለም አትበይኝ

ለኖላዊ የመጀመሪያውን የፍቅር ቃሌን ያደረሰችው ሀኒፋ ናት፤ ያውም እኔ ሳልልካት።

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በዚያ ዓመት ሰሀር የምትባል መስማት የተሳናት ልጅ ክፍሌ ገባች። ትምህርት ቤቱም ሁላችንንም፣ ከኬንያና ከሕንድ የመጡትን መምህራን ሳይቀር፣ ለአምስት ቀን የአካቶ ትምህርት ሥልጠና ሰበሰበን። የዕረፍት ሳምንታችን ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ተናድጄ ነው የገባሁት።

አሠልጣኙ ኖላዊ ራሱ መስማት የተሳነው ነው። ጠይም፣ ረጅም፤ እጆቹ ሲንቀሳቀሱ ዓይን ይዘው የሚቀሩ። ፊት ለፊቱ፣ ከእኔ አጠገብ፣ አስተርጓሚዋ ሀኒፋ ተቀምጣለች። እኔም ወደ አምስተኛ ክፍሉ መምህር ወደ ቦና ጠጋ ብዬ፣

«ቆንጆ ነው፤ ያሳዝናል ግን» አልኩት በሹክሹክታ።

የሀኒፋ እጆች ወዲያው ተንቀሳቀሱ። ለካስ የአስተርጓሚ ሥራ ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ማድረስ ነው፤ የበሩን መንኳኳትም፣ ሐሜቱንም።

ኖላዊ ዞር ብሎ አየኝ። በእጁ ሲመልስ ሀኒፋ በድምጿ ተናገረችለት፤

«ስለ ቆንጆው አመሰግናለሁ። የሚያሳዝነው ግን ምኔ ነው? ንገሪኝና እኔም ልዘንበት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

በዚህ አላበቃም። ሀኒፋን ከክፍል አስወጣና አርባ ደቂቃ ሙሉ በምልክት ቋንቋ ብቻ አስተማረን። ሲጨርስ አሥር ጥያቄ ያለበት ወረቀት አደለ። ዜሮ አገኘሁ። እኔ! ተማሪ ሳለሁ ከሦስተኛ ደረጃ ወርጄ የማላውቅ ሴትዮ!

ሀኒፋ ስትመለስ ብድግ አልኩ። «በማናውቀው ቋንቋ አስተምሮ መፈተን ምን የሚሉት ፍርድ ነው? በይው!»

«ሰሀር በየቀኑ እንዲህ ነው የምትፈተነው» አለኝ። «ደግሞ ‹በይው› አትበያት። የምታወሪው ከእኔ ጋር ነው፤ እኔን እያየሽ ንገሪኝ።»

ቁጭ አልኩ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ እየጻፍኩ ሳወራ፣ ያቺ ልጅ ከንፈሬን ለማየት አንገቷን የምታሰግገው ትዝ አለኝ። ረባሽ እየመሰለችኝ ሁለት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ።

ከሥልጠናው በኋላ ኖላዊ በየሐሙሱ ክፍሌን ሊጎበኝ ይመጣ ነበር። የምልክት ቋንቋ መማር የጀመርኩት ለሰሀር ብዬ ነው፤ ይሄ እውነት ነው። ለሰሀር ብቻ ነው ካልኩ ግን እግዜር ይታዘበኛል። ሀኒፋ ባለችበት የማይነገር ነገር ሆዴ ውስጥ ነበረ።

መካኒሳ አንድ ጭማቂ ቤት በር ላይ ተቀምጠን ያስተምረኛል። ስሳሳት ጣቶቼን በጣቶቹ ያስተካክላል። አንዳንዴ አስተካክሎ ሲያበቃም እጄን አይለቀውም፤ እኔም አላስታውሰውም። ስንት ደቂቃ እንዲያ ተቀምጠን እንደምንቆይ እንጃ። ጭማቂው ግን ይሞቅ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ጎፋ በታክሲ ስንሄድ ረዳቱ በእጃችን ስናወራ አየንና፣ «ምነው እህቴ፣ መናገር የሚችል ወንድ ጠፋ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ።

«ምን አለ?» ብሎ ኖላዊ ጠየቀኝ።

«ምንም አይደለም። በኋላ እነግርሃለሁ።»

ፊቱ ጠቆረ። መውረጃችን ሳይደርስ ወረደ፤ ተከትዬው ወረድኩ። መንገድ ዳር ቆሞ በእጁ ነገረኝ።

«አባቴ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ገበታ ዙሪያ ሲስቁ አይቻለሁ። ምን ተባለ ስል ‹ምንም አይደለም፣ በኋላ› ይሉኛል። ያ በኋላ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ክፉም ይሁን ደግ፣ ፊቴ የተባለ ነገር የእኔም ነው። ከእኔ ጋር መኖር ከፈለግሽ ምንም አይደለም አትበይኝ፣ ክብረት።»

ረዳቱ ያለውን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ለስድቡ እንኳ አዲስ ነገር አልፈጠረም» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ። ሁለተኛ ላልደብቀው ቃል ገባሁለት።

ቃል መግባት ቀላል ነው። አባዬን አታውቁትማ!

አባዬ፣ አቶ ማሞ፣ ጎፋ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ልቡ ደግ ነው፤ ምላሱ ግን አይጣል። ስለ ኖላዊ ስነግረው ለሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው፣ «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጁን ልየው። እሁድ ምሳ ይምጣ። ካልሆነልኝ ግን ሽማግሌ ብሎ ነገር በደጄ እንዳይደርስ» አለ።

ልታስተረጉምልን የነበረችው ሀኒፋ እሁድ ጠዋት ደወለች፤ ልጇ አተኩሷት መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ በስምንት ወር ትምህርት በአባቴና በምወደው ሰው መካከል እኔው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። «ብላ በይው፤» «ሥራ እንዴት ነው በይው።» ከዚያ አባዬ ልጁን አየት አየት አደረገና ወደ እናቴ ወደ ተናኘወርቅ ዘንበል አለ።

«መልኩስ ያምራል። ያሳዝናል ግን። ልጄን ለዝምታ ልዳራት? ሕፃን ቢያለቅስ ማን ሊሰማው ነው?»

የእኔው ቃል! ያሳዝናል ግን!

ኖላዊ ዓይኔን አየ። «ምን አሉ?»

እጆቼ ጭኔ ላይ ደረቁ። ብነግረው ተቀይሞ ይነሣል፤ ከአባቴ ገበታ ተቀይሞ የተነሣ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጋበዝም። ያኔ ትዳሬም ሕልሜም እዚያው ያልቃል። ብደብቀውስ? ማን ያውቃል፣ ምሳው በሰላም ያልፋል። እኔም ዕድሜ ልኬን «በኋላ» የምትለው ሴት እሆናለሁ።

እጆቼን አነሣሁ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኩት።

«ምን እያልሽው ነው?» አለ አባዬ።

«ያልከውን።»

«የቱን?»

«ሁሉንም፣ አባዬ።»

«ወይ ጉዴ!» አለች እማዬ።

ኖላዊ ጣቶቹን ጠራረገ። ዓይኑን ከአባቴ ሳይነቅል በእጁ ተናገረ፤ እኔም ድምፅ ሆንኩለት።

«ጋሽ ማሞ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ክብረት ትሰማዋለች። እሷ በሌለችበት ሲያለቅስ መብራት የሚያበራ መሣሪያ አለ። እሱ ቢበላሽ ደግሞ ዓይኔን ከልጄ ላይ አልነቅልም። ያሳዝናል ያሉት ግን ልክ ነው፤ የሚያሳዝነው አለመስማቴ አይደለም። የወለደኝ አባቴ ይህን ያህል እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።»

የመጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረ።

አባዬ አቀረቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እንግዲህ በይው…» ሲል አቋረጥኩት። በሕይወቴ አባቴን ሳቋርጥ የመጀመሪያዬ ነው።

«አባዬ፣ ‹በይው› አትበለኝ። እሱን እያየህ ንገረው።»

ተቆጣ ስል ብድግ አለ። ለካ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ፊቱ ጨልሞ ነበር። ወንበሩን ጎትቶ ብርሃኑ የሚያገኘው ቦታ ተቀመጠ።

«እንዲህ ስሆን ታየኛለህ?»

ኖላዊ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ስማኝ፣ ልጄ። ይቺን ተናኘወርቅን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ፣ ዋናው ሽማግሌ የሙሽራውን ስም ረሳ። ‹ልጃችሁን ለልጃችን› ብሎ ጀመረ። ‹ልጃችሁ ማን ይባላል?› ሲሉት ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ ‹እናንተ፣ ማን ነበር?› አይል መሰለህ! አንተ ስትልክ ስምህን የማይረሳ ሽማግሌ ምረጥ።»

እማዬና አብሮን ገበታ የቀረበው ወንድሜ በሳቅ ፈነዱ። እኔ እጄ አየር ላይ ቀረ። ስትልክ! ስትልክ ነው ያለው!

«ቆዩ!» ብሎ አባዬ ገበታውን መታ። «ዝም በሉ እንጂ! ልጁ ገና አልሳቀም።»

ወንድሜ አፉን በእጁ ያዘ።

«አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ አባዬ።

እንባዬ እየወረደ ነገርኩት፤ ሽማግሌውን፣ የተረሳውን ስም፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ምክር። ምክሩ ላይ ስደርስ ኖላዊ ዓይኖቹ ሞሉ፤ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። አባዬም ያን ጊዜ አብሮት ሳቀ።