ካልቪ፣ የጥጃ ደሴት

ወንዙ ግድቡን ጥሶ ሲወጣ ጄትሮ ኮትና ታላቅ እህቱ ታምሲን ከእንግሊዝ አገሩ ሱመርሴት ረግረግ እምብርት ገና አልወጡም ነበር። ከፊታቸው የሟች አባታቸው ላሞች ይተራመሳሉ። ከእርሻው የቀራቸው ሀብት ይኸው ነው። አባታቸው የብርዱ ወራት ጎርፍ ሜዳውን ሳይውጠው መንጋውን ሁልጊዜ በመስከረም ያስወጣ ነበር፤ ጄትሮ ግን ሣሩ አሳስቶት «ትንሽ ይብሉ» ሲል ኅዳር ገባ።

«አባባ ሱመርሴት የበጋ ሰፋሪዎች ማለት ነው እያለ የለፈለፈው ለማን መሰለህ?» አለች ታምሲን፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«ስትደርሺ ትሰድቢኛለሽ! ወደ አዲሱ መንገድ ንጃቸው!»

«መንገዱ ተውጧል፣ አይታይህም? ወደ ካልቪ!»

«ካልቪ? እሷ እንደ ገበታ የተዘረጋች ሜዳ አይደለችም እንዴ?»

አባታቸው ከብት ሲነዳ የየሜዳውን ስም ከነትርጉሙ ይጠራ ነበር። ጎዚ፣ የዝይ ደሴት። ቶርኒ፣ የእሾህ ደሴት። ካልቪ፣ የጥጃ ደሴት። ጄትሮ በልጅነቱ «ባሕሩስ የታለ?» እያለ ይስቅበት ነበር። ሽማግሌው ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ «ስም ያወጡት ሰዎች እግራቸው ርሶ ነበር፣ ልጄ» ይለው ነበር። ያን ድምፅ ዛሬ አንዴ ቢሰማው ምን ነበረበት!

የመንጋው ኮርማ ደንብሮ ዞረና ታምሲንን በትከሻው ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላት። ጄትሮ ዘሎ ገባ። ጎርፉ እየጎተታት ሳለ የካፖርቷን አንገትጌ ጨበጠ፣ በሌላው እጁ የአኻያ ሥር ይዞ እየቃተተ አወጣት። ቀና ሲል መንጋው ወደ ወንዙ እየተበተነ ነው።

ያኔ ሳያስበው በአባቱ ዜማ ተጣራ። «ካልቪ! የጥጃ ደሴት! ካልቪ!»

አሮጊቷ መሪ ላም ጆሮዋን አቆመች። ያን ጥሪ በየዓመቱ ሰምታዋለች። ወደ ካልቪ ዞረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ኮርማውም እያጉረመረመ ከኋላ ገባ። ውሃው ከወገብ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ከዚያ ሣር ረገጡ።

በደረቅ ወራት ዓይን የማይለያት ጉብታ ከውሃው መሐል ብቻዋን ቆማለች። ላሞቹ በላይዋ ተጠጋግተው ይተነፍሳሉ።

«አንዲትም አልጎደለችም» አለች ታምሲን፣ ቆጥራ ስትጨርስ።

ጄትሮ ኮፍያውን አውልቆ አለቀሰ።

ከጉሙ ማዶ የጎረቤት ድምፅ መጣ። «ሆይ! እኛ ጎዚ ላይ ነን! እናንተስ የት ናችሁ?»

ጄትሮ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና የቻለውን ያህል ጮኸ።

«አባባ የነገረን ቦታ ነን!»