የዶን ሳቢኖ ማኅተም

ሚስዝ ፕሩት ማኅተሙን የክፍሉ ጉዞ ፈቃድ ላይ ጧ አድርጋ አሳረፈችና ወረቀቱን ወደ ያሬትሲ ገፋችው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የአርፋጆች መዝገብና ግማሹ የተበላ ዶናት ተቀምጧል። ያሬትሲ ወረቀቱን አላነሳችም። ማኅተሙ ላይ ያሉትን ቃላት ታውቃቸዋለች። የእናቷን የስደት ጉዳይ በያዘው በዶን ሳቢኖ ቢሮ ውስጥ፣ ከወንበሩ በላይ፣ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅለዋል፤ «ኖተሪ ፐብሊክ» ይላሉ።

«እርስዎ ጠበቃ ነዎት እንዴ?»

ጸሐፊዋ ከት ብላ ሳቀች። «ጠበቃ ብሆን እዚህ ተጎልቼ የአርፋጅ ስም እጽፍ ነበር? ይሄን ማኅተም እኮ ማንም ያወጣዋል። ፎርም ትሞያለሽ፣ ይሰጡሻል። ሰውየው ፊቴ ፈርሟል ብሎ መመስከር ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።»

ያሬትሲ አብራት ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

እናቷ ኦቲሊያ ባደገችበት በሜክሲኮ፣ ሳካቴካስ ውስጥ፣ ኖተሪን በስፓኒሽ ኖታሪዮ ይሉታል፤ እንደዋዛ የሚጠራ ሰው አይደለም። ከጠበቃ የሚበልጥ ጠበቃ ነው፤ መሬት ያጸድቃል፣ ኑዛዜ ያስቀምጣል፣ ሲያልፍ ባርኔጣ ይነሳለታል። ጎረቤቶች ጠበቃ እንድትይዝ ሲመክሯት «ጠበቃ ለምኔ? እኔ ኖታሪዮ አለኝ!» ትል የነበረው ለዚህ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ያንኑ ቃል የትምህርት ቤት ጸሐፊም እንደምትይዘው የነገራት የለም። ዶን ሳቢኖ ያውቃል። እያወቀ ነው ዝም ያለው።

የዛሬ ዓመት ገደማ፣ እንደ እናቷ ያለ ፈቃድ ገብተው ዜጋ ያገቡ ሰዎች ከአገር ሳይወጡ የመኖሪያ ወረቀት ያገኛሉ የሚል ደንብ ወጥቶ ቤታቸው ጭፈራ ሆኖ ነበር። እንጀራ አባቷ ኤፍራይን እዚሁ የተወለደ ዜጋ ነው። ደስታው ወራት አልቆየም፤ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ዶን ሳቢኖ ግን አልደነገጠም። የድሮው መንገድ አለ አላቸው፤ ድንበር ተሻግሮ ሁዋሬስ ባለው የአሜሪካ ቆንስላ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ በሁለት ሳምንት ወረቀት ይዞ መመለስ። ያለ ፈቃድ ለኖረችበት ዘመን የምሕረት ማመልከቻ ገብቶ ተፈቀደላት፤ ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው።

የምሕረቱን ፎርም የሞላችው ያሬትሲ ራሷ ናት፤ እናቷ እንግሊዝኛ አትችልም። «ከገባሽ በኋላ ወጥተሽ ተመልሰሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ኦቲሊያ እውነቱን ተናገረች። የገዛ እናቷ ስትሞት ለቀብር ሳካቴካስ ሄዳ በድብቅ በበረሃ ተመልሳለች።

«ይሄን ማን ጠየቀሽ?» አለ ዶን ሳቢኖ። «ያለፈ ነገር አንቆፍርም። ‹አይ› በይው፣ ልጄ።»

ያሬትሲም በገዛ ጣቷ «አይ» ብላ ጻፈች።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። ሐሙስ ሐሙስ እዚያ በነጻ የምታማክር ጠበቃ አለች። ሴትየዋ እየጻፈች ስታዳምጥ ቆይታ «ቀብር» የሚለው ላይ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ስንት ዓመት ኖራ ነው የወጣችው?»

«ስምንት።»

«የተመለሰችውስ ያለ ፈቃድ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አሁን ከወጣች አትመለስም። አሥር ዓመት ውጭ ትቀመጣለች፤ ከዚያ በኋላም ልመለስ ብሎ መጠየቅ እንጂ ይገባኛል ማለት የለም። ያገኘችው ምሕረት ይሄን አይሸፍንም።»

«ኤፍራይን እኮ ዜጋ ነው። እኔም ዜጋ ነኝ!»

«አውቃለሁ፣ የኔ እህት።»

«እዚሁ ብትቀመጥስ?»

ጠበቃዋ ማስታወሻዋን ከደነች። «እዚህ ሆና የማደርግላት ነገር ዛሬ የለኝም። እንዳለ ብነግርሽ እኔም እንደ ሰውየው እሆናለሁ።»

ያሬትሲ መንገዱን ሁሉ ለእናቷ ሳትነግር ዝም ማለትን አሰበች። ቆንስላው ላይ ስለ ቀብሩ ላይጠይቋት ይችላሉ። ደግሞ አያቷ አፖሊናር ልጁን አሥራ ሦስት ዓመት አላያትም፤ ሁዋሬስ ድረስ ሊመጣ የአውቶቡስ ትኬቱን ቆርጧል። ይሄን ሁሉ ከእናቷ እጅ የምትነጥቀው እሷ መሆኗ አንገበገባት።

ኦቲሊያ በር ላይ አዲስ ጃኬት ይዛ ተቀበለቻት። «ነይ ልለካብሽ። አባቴ በትከሻ አንቺን ሳያህል አይቀርም።» ያሬትሲ ቆማ ተለካች። እናቷ ስታዜም ሰምታ አታውቅም፤ ዛሬ ታዜማለች።

«እማ፣ አትሂጂ።»

ሁሉንም ነገረቻት። ኦቲሊያ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ።

«ዶን ሳቢኖ ኖታሪዮ ነው! አንቺ ማነሽና? ገና ዘጠነኛ ክፍል ሆነሽ እሱን ልታርሚ?»

ያሬትሲ የጉዞ ፈቃዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ማኅተሙን እይው። የሱ ላይ ያለው ቃል ነው። ይሄ የሚስዝ ፕሩት ነው።»

«ስታረፍጂ የምትደውልልኝ?»

«አዎ፣ እሷው።»

ኦቲሊያ በጣቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። ማንበብ የማትችለው ቋንቋ ነው፤ ያንን ቃል ግን ለየችው። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«እናቴን ስለቀበርኩ ነው?» አለች። «የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርሽ። ጎረቤት ቤት ትቼሽ ነው የሄድኩት። በዚያ በረሃ የተመለስኩት ለማን መሰላቸው?»

ጠበቃዋ ሕጉን ስታስረዳ ይሄን አላነሳችም፤ ፎርሙም ላይ የሚጠይቅ ሳጥን የለም። ያሬትሲ ተናደደች፤ በዶን ሳቢኖ፣ በፍርድ ቤቱ፣ «አይ» ብላ በጻፈችው ጣቷ። እናቷ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማል።

ያሬትሲ ሻንጣውን አልጋው ላይ አወጣች። የእናቷን ቀሚሶች አንድ በአንድ አውጥታ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ሰቀለች። በምትካቸው የራሷን ሁለት ሱሪና ሹራብ አስገባች፤ ከላይ ሰማያዊ ፓስፖርቷን አደረገች። ከዚያ ኤፍራይን ጋ ደወለች። «ማክሰኞ ሁዋሬስ የምትወስደው እኔን ነው» አለችው። «አያቴ ጣቢያ ብቻውን አይቆምም። ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

ስትዞር እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሻንጣውን አየች፣ ፓስፖርቱን አየች። ጃኬቱን ከወንበሩ አንስታ አጣጥፋ ሹራቡ ላይ አስቀመጠችው።

«እጅጌው ከረዘመው አንድ ጊዜ እጠፊለት» አለች። «ጣቶቹ አይታዘዙለትም።»