ካንዴላው እጄ ላይ እያለ

የሙት ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ እውነቱን ለመናገር አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም። ትምህርቴን ያቆምኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፣ ግን ፊዚክስ ደህና እችል ነበር፣ ድምፅ ያለ ምክንያት እንደማይመጣ ተምሬአለሁ። ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። የሆነውን እንደሆነው ላስቀምጠውና ምናልባት ከእናንተ አንዱ እኔ የሳትኩትን ነገር ያገኝልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ቦታው ናይሮቢ። ከወንድሜ ከደረጀ ጋር ሁርሊንግሃም፣ ወይዘሮ አስቴር ከሚባሉ ሴት ምግብ ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። ደረጀ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነበር የምለው። ቀድሞኝ በሞያሌ የወጣው እሱ ነው፣ እኔንም ያስመጣኝ እሱ ነው። ጋራዥ ይሠራ ነበር፣ እዚህ እንደሚሉት ፈንዲ ነበር። ሰው የጣላትን ለጭቃና ለዳገት የተሠራች ሞተር ሳይክል አንስቶ በትርፍ ጊዜው ገጣጥሞ አስነሳት። ቱ ስትሮክ የሚሏት ዓይነት ናት፣ ስትነሳ እንደ ተቆጣ ንብ ትጮሃለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ስንጥቅ ስለሆነ ድምፅዋን ከመንገዱ ማዶ ለይቼ አውቀው ነበር። ሊያስነሳት ሲል መጀመሪያ የቤንዚን መያዣዋን በቀለበቱ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ከዚያ አንዴ ይረግጣል። አንዴ ብቻ።

እማዬ አዲስ አበባ ናት። ማንበብ ስለማትችል ደረጀ በየወሩ ድምፁን ካሴት ላይ ቀርጾ ይልክላት ነበር፣ እዚህ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሁልጊዜ ሲጀምር ሞተሯን ያስነሳና፣ ልጅሽ በእግሩ እንደማይሄድ ስሚ ይላታል። እሷም በመልሷ፣ ያቺን ጯሂ ሚስትህን ሰማኋት፣ መቼ ነው ዝም የምትለው ትለዋለች።

ደረጀ የሞተው በወባ ነው፣ አራት ቀን ታሞ። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልችልም።

እማዬ በዚያው ሰሞን የዓይን ሞራ ተገፎላት ነበር። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ድረስ እንዳታለቅስ፣ ካለቀሰች ዓይኗ ሊጠፋ እንደሚችል ነግሯታል። ስለዚህ ዘመዶቻችን ከወይዘሮ አስቴር ጋር በስልክ ተመካክረው መርዶው ዓይኗ እስኪድን ይቆይ አሉ። ግን ካሴት የለም። አንድ ወር አለፈ፣ እማዬ ልጄ ምን ሆኖ ነው ማለት ጀመረች፣ ነግቶ እስኪመሽ ይህንኑ ትላለች አሉን፣ እንዲህ ስትል ደግሞ ማልቀሷ አይቀርም።

ዘዴውን ያመጡት ወይዘሮ አስቴር ናቸው። የሞተሯን ድምፅ ከሰማች ልጇ ደህና ነው ብላ ትረጋጋለች፣ አንተ ደግሞ ለሥራ ሞምባሳ ሄዷል በላት አሉኝ። ኢስሊ ሰፈር የሚነግዱ አንድ ሐጂ ሰኞ ማለዳ ወደ ሞያሌ ይነሳሉ፣ ካሴቱን አዲስ አበባ ድረስ ያደርሳሉ። እንግዲህ ሞተሯ እሑድ ከሰዓት መነሳት ነበረባት፣ የእማዬ ዓይን እዚያ ላይ ነበር የቆመው።

እሑድ ሰማዩ ደመና ነበር፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ቤንዚን በጀሪካን አምጥቼ ሞላሁ። የአዲሱን ካሴት ላስቲክ ወይዘሮ አስቴር ፊት ቀደድኩት፣ ይህንንም ልብ በሉልኝ። ቴፑን ከሞተሯ አጠገብ በርጩማ ላይ አድርጌ መቅረጫውን ተጫንኩና፣ እማዬ እኔ ነኝ፣ ጋሼ ሞምባሳ ነው፣ ሞተሯን እኔ ላስነሳልሽ አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር። ከዚያ ረገጥኩ።

አልነሳም አለች። ሃያ ጊዜ ረገጥኩ፣ ሠላሳ ጊዜ፣ እግሬ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር። የቤንዚን ቧንቧውን አየሁ፣ ክፍት ነው። የአየር መዝጊያውን ቾክ ጎተትኩ፣ መለስኩ። ቤንዚን መሽተት ስትጀምር ጠጥታ ታፍናለች ማለት ነው፣ ይህን ከጋሼ አውቃለሁ፣ ያኔ ያለሱ የማትነሳውን፣ እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ነቅሎ ማድረቅና ማሞቅ ነው። ወይዘሮ አስቴር በኩሽናው መስኮት ብቅ ብለው፣ ልጄ ትንሽ ብታርፍ ምን አለ፣ እሷ እንደሆነ የምትሰማው እሱን ብቻ ነው አሉኝ። ለቀልድ ነው ያሉት። አልሳቅኩም።

ካንዴላውን ነቀልኩት፣ ርሶ ጠቁሯል። ይዤው ወደ ኩሽና ገባሁ፣ ቴፑ እየቀረጸ ነው፣ ማጥፋቱን ረስቼዋለሁ። ካንዴላውን በጉጠት ይዤ የጋዝ ምድጃው ላይ አሞቅኩት፣ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ወይዘሮ አስቴር አጠገቤ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ምንም አልሰማንም። ደጋግሜ ጠይቄአቸዋለሁ፣ ምንም።

ስመለስ ግቢው የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ምናልባት ከመንገድ ነው አልኩ። ጎንበስ ስል ከማርሚታው ትክ፣ ትክ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ዓይነት። ሞተሯ ከተነሳች አርባ ቀን አልፏታል። ማርሚታውን በእጄ ጀርባ ነካሁት፣ ለብ ያለ ነው። ፀሐይ ነው ልል ነበር፣ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁና ተውኩት። ካንዴላውን መልሼ አሰርኩ፣ ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ አልተነሳችም። ካሴቱ አለቀና ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

በቃ አልሆነም ብዬ ለወይዘሮ አስቴር ነገርኳቸው። የንግግሬ ክፍል ቢጠቅም እንስማው እስቲ አሉ፣ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሰን ኩሽናው ውስጥ ከፈትነው። ድምፄ አለ። ርግጫው አለ፣ ትንፋሼ አለ። ካንዴላው ሲነቀል፣ እግሬ ወደ ኩሽና ሲሄድ፣ በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ከዚያ ዝምታ፣ ረጅም ነው፣ ሩቅ ውሻ ይጮሃል።

ከዚያ ኳ፣ ኳ።

አንድ ርግጫ። ሞተሯ ተነሳች። ትንሽ በዝግታ ዞረች፣ ከዚያ በዚያው በተሰነጠቀ ማርሚታዋ ሁለት ጊዜ ጮኸች።

ወይዘሮ አስቴር ፊታቸው በራ፣ "ይኸው ተነስታልህ የለም እንዴ፣ ምን አልሆነም ትላለህ?" አሉኝ። "አልተነሳችም" አልኳቸው። "ታዲያ ይሄ ምንድነው?" "እትዬ አስቴር፣ ካንዴላው እዚህ ነበር። ምድጃው ላይ። አይተውታል።" ምድጃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራረጉና ቴፑን አጠፉት። የቀረውን አልሰማንም። ካሴቱን አውጥተው ሰጡኝና፣ ላከው፣ ለእናትህ ነው የመጣው አሉኝ። ሰኞ ማለዳ ሐጂው ወሰዱት።

በሳምንቱ የጋሼ የጋራዥ ጓደኛ ኦቲየኖ ሞተሯን ሊያይልኝ መጣ። መጀመሪያ ርገጥ አለኝና ሲያየኝ፣ ይሄ ሲጋራ የሚያጠፋ ሰው እግር ነው እንጂ የፈንዲ ወንድም እግር አይደለም አለ። ከዚያ የቤንዚን ቧንቧውን ፈትቶ ጠብታ በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገና ሳቁን አቆመ። ዘይቱ የታለ አለኝ። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀለችውን የሰርዲን ቆርቆሮ አሳየኝ፣ ጋሼ ዘይት የሚለካባት ናት፣ ለካ ይህቺ ሞተር ዘይቷን የምትጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። እኔ ጋሼ ሲያደርገው ስንት ጊዜ አይቼ ቤንዚን ብቻ ሞልቻለሁ። ኦቲየኖ፣ ተነስታ ቢሆን ኖሮ ውስጧ ተቃጥሎ ይነክስና ይጣበቅ ነበር፣ ለሁልጊዜው ትሞት ነበር፣ ደግነቱ አልተነሳችልህም አለኝ። ስለ ካሴቱ አልነገርኩትም። ዘይት መጨመር መርሳቴን ከሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ አለፈ፣ የእማዬ ዓይን ዳነ፣ ዘመዶቻችን ማለዳ ተሰብስበው ሄደው አረዷት። ከሁለት ወር በኋላ ካሴቷ ደረሰኝ። ብቻዬን ሰማሁት። አላለቀሰችም፣ ወይም አልቅሳ ጨርሳ ነው የቀረጸችው። ስለ ውሸቱ አልተቆጣችኝም፣ ለዓይኔ ብላችሁ ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ይህን አለች፣ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦

"መቼ እንዳረፈ ነግረውኛል፣ እኔ ቀን አልቆጥርም። ካሴትህን ከመርዶው በኋላም ደግሜ ሰምቼዋለሁ። ሞተሯ ከጠፋች በኋላ አንተ ተመልሰህ ስትረግጥ፣ ወንድምህ ይጠይቅሃል። ዘይት ጨመርክባት ወይ ይልሃል። ሁለት ጊዜ ጠየቀህ። አንተ ዝም ብለህ ትረግጣለህ። ታላቅህ ሲጠይቅህ ዝም ይባላል? መልስለት እንጂ፣ ልጄ። መልሰህለት ካሴቱን ላክልኝ፣ እኔም ልስማው።"

እማዬ ሞተር ውስጥ ዘይት ይግባ ውሃ የምታውቀው ነገር የለም።

ባለፈው እሑድ ቴፑን በርጩማው ላይ አደረግኩት። በሰርዲኗ ቆርቆሮ ለክቼ ዘይቱን ጨምሬ ነበር። መቅረጫውን ተጫንኩ፣ እንደ ሞኝ ቆሜ፣ ጨምሬአለሁ ጋሼ አልኩ። ለሰው እንደሚደረገው ትንሽ ጠበቅኩ። ምንም አልሰማሁም። ቴፑን አጠፋሁ።

እማዬ ካሴቱን እየጠበቀች ነው፣ ሐጂውም በዚህ ሳምንት ይሄዳሉ። ከመላኬ በፊት መልሼ መስማት አለብኝ፣ በትክክል መቀረጹን ለማየት ያህል። ቴፑ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ካሴቱም ውስጡ ነው። እስካሁን አልከፈትኩትም።