ሕመምተኛ ያልጫነ መኪና

አቶ ገበየው ከተቀበሩ ሳምንት ሳይሞላ ሾፌራቸው ቤኒ ወደ ወንጀል ምርመራ ክፍል መጣ፤ የመጣው ግን ስለ ሟቹ አልነበረም። በፍጥነት በማሽከርከር የተቀጣበትን ወረቀት ይዞ፣ ፍርድ ቤት ሄጄ ልከራከር ወይስ ከፍዬ ልገላገል ብሎ ኢንስፔክተር አስካለችን ምክር ሊጠይቅ ነው።

አስካለች ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሬሳና የሰው ውሸት ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ከሁለቱ የትኛው አደከመሽ ቢሏት ሬሳው አይደለም ባይ ናት። ቤኒ አብሯት የሚያመልክ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ባይሆን ኖሮ የትራፊክ ቢሮ ታች ነው ብላ ትሸኘው ነበር። «ሳሮ» አላት በወላይትኛ፤ እሷም «ሳሮ» ብላ እግሯን አወረደች። የቢሮ ነገር ሲነሳ ግን እንደ ሶዶ ሰው ሁሉ ወደ አማርኛ ገቡ።

አቶ ገበየውን በሶዶ የማያውቅ አልነበረም። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን የብረታ ብረት ሱቅ አስፋፍተው የኖሩ ነጋዴ ናቸው። የስኳር ሕመም ነበረባቸው። በሞቱበት ቅዳሜ ከታናሽ ወንድማቸው ከወንደሰን ጋር ዱቦ ወዳለው የገጠር ቤታቸው ሄደው እዚያው ታመሙ። ቤኒ መኪናውን አስነስቶ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ሲከንፍ የሶዶ መግቢያ ላይ በራዳር ተያዘ፣ ተቀጣ። ሆስፒታል ሲደርሱ አቶ ገበየው በሕይወት አልነበሩም። ሐኪሞቹ ስኳር ነው አሉ፤ ወንድም አመሰገነ፤ አገሩ ቀበረ።

ቤኒ ከዚህ በፊት የተመዘገበ ጥፋት ስላለበት ይህ ከተጨመረ መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። እናቱም ሚስቱም የሚበሉት ከዚያ መሪ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም።

«እኔን ያናደደኝ ቅጣቱ አይደለም፣ እትዬ አስካለች» አለ። «ሰው እየሞተ ነው፣ ትራፊኩ እያየ ይጽፋል።»

«አይቷል?»

«ጋሽ ወንደሰን ወርዶ ነገረው እኮ። መንጃ ፈቃዴን ተቀበለኝና፣ አንተ ከመሪው አትነሳ፣ እኔ እለምነዋለሁ አለኝ። ሲመለስ ወረቀቱን ሰጠኝ። ልብ የሌለው ሰው ነው አለ።»

«አሁንስ ምን ይልሃል?»

«ክፈል ይላል። እኔ እከፍልልሃለሁ፣ በሐዘን ላይ የምን ፍርድ ቤት ነው አለኝ። መንጃ ፈቃድህ ቢታገድም ሱቅ አስገባሃለሁ አለኝ።»

አስካለች ወረቀቱን መለሰችለት። ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ሳደርስ ነው ለሚል ሾፌር ጆሮውን የማይሰጥ ዳኛ አይታ አታውቅም። እንዲህ ያለ ምክንያት ያለውን ሰው ዝም ብለህ ክፈል ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው? ወንደሰንም እንደኔው ደክሞት ይሆናል ብላ አሰበች። ትራፊኩን አነጋግሬው ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ ብላ ባጃጅ ያዘች።

ትራፊኩ ጦና ይባላል፤ የከተማው መግቢያ ላይ ፀሐይ ሲያቃጥለው የሚውል ትልቅ ሰው ነው። የመጣችበትን ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«የታመመ ሰው? ኢንስፔክተር፣ ሕመምተኛ ይዘናል ቢሉኝ እንኳን ልቀጣ በሞተሬ ከፊት ከፊት እየመራሁ ኦቶና አደርሳቸው ነበር። ባለፈው ምጥ የያዛትን ሴት እንደዚያ አድርሻለሁ።»

«ከኋላ የተጋደመውን ሰው አላየህም?»

«ጋቢ የተከናነበ ሰው አይቼ ምን ሆኖ ነው ብያለሁ። ወንድሜ ነው፣ ሰርግ ላይ አምሽቶ እንቅልፍ ጥሎት ነው አለኝ ያ የወረደው። ደግሞ አልተከራከረም። አጥፍተናል፣ ጻፍ አለኝ። ስንት ዓመት እዚህ ስቆም አጥፍተናል የሚለኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።»

አስካለች እዚያው የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የማትፈልገው ሥራ መጣባት፤ ትታው መሄድ ግን አልቻለችም።

ከዚያ በቀጥታ ሐዘን ቤት ሄደች። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አረጋሽ ከፍራሹ ላይ አልተነሱም። የባላቸው ዓይን ስለደከመ የጠዋቱን የስኳር መርፌ ሁልጊዜ የሚወጉት እሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ቅዳሜ ግን ዘመድ ጥየቃ ስለሄዱ መርፌው በወንደሰን እጅ ወደቀ። እንዴት እንደሞቱ ሲጠየቁ ወንደሰን የነገራቸውን ተናገሩ። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ደህና ሲጫወት መጣ፣ ከዚያ ድንገት ወደቀ፣ ውኃ እንኳ ለማለት ጊዜ አልነበረም ብሏቸዋል። አብሬው ብሄድ ኖሮ እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ።

ልጃቸው ቤተልሔም መድኃኒት ቤት አላት፤ መድኃኒቱን የገዛችው እሷ ናት። ሰፈሩ ገና ሳይቀበሩ ማማት ጀምሮ ነበር። ጊዜው ያለፈበት ሰጥታቸው ይሆናል ይላል፤ ሱቁም ለሷ ሊዞር ስለነበር ቸኩላ ይሆናል ይላል። እሷም ራሷን መጠርጠር ጀምራ መድኃኒት ቤቷን ዘግታ ተቀምጣለች። አስካለች ለጊዜው አልጠረጠርኩሽም አላለቻትም። መርፌው ከበዛ ሰው ምን ይሆናል ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

«ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይተሳሰራል። ግን ገና መዋጥ እየቻለ ስኳር ከቀመሰ ወዲያው ቀና ይላል። ለስላሳ ይሁን፣ ማር ይሁን፣ የተገኘው። እማዬ ለዚህ ነው ከኮቱ ኪስ ከረሜላ የማታጠፋው።»

ኮቱ ግን ከሆስፒታል ከተመለሰው ልብስ ውስጥ አልነበረም።

አስካለች በማግስቱ ቤኒን መኪናው አጠገብ አገኘችውና መንገድ ላይ ለስላሳ ሰጥታችኋቸው ነበር ወይ አለችው።

«ገና ከዱቦ ስንወጣ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ሱቅ ጋ ልቁም አልኩት። ስኳር ሰጥቼዋለሁ፣ አሁን የቀረው ሐኪም ነው፣ ዝም ብለህ ንዳ አለኝ። ነዳሁ።»

«ዱቦም እኮ ሆስፒታል አለ።»

«እኔም ብያለሁ። ካርዱ ያለው ኦቶና ነው አለኝ።»

በሚኒባስ ዱቦ ወረደች፤ የቀረውን በእግሯ አዘገመች። የቤቱ ዘበኛ ቦልቴ፣ ወንደሰን ስልክ ደውሎ ምንም እንዳትነኩ ማለቱን እየነገራት ከፈተላት። ኮቱ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ ኪሱ በከረሜላ ተወጥሯል። የመድኃኒቱ ብልቃጥ የአልጋው ራስጌ ላይ ነው። በመስኮቱ ስታይ የዱቦ ሆስፒታል ጣሪያ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ብቅ ብሏል። አስካለች የሟቹ አልጋ ላይ ትንሽ ተቀመጠች፤ አዘነች፣ ከማዘኗም በላይ ደከማት።

በዚያው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲበታተን፣ አረጋሽን፣ ቤተልሔምን፣ ወንደሰንንና ቤኒን ሳሎን ሰበሰበች። ጦና የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ሲገባ ወንደሰን ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«የመጣሁት ቤኒ ይከራከር ወይስ ይክፈል የሚለውን ለመጨረስ ነው» አለች አስካለች። «አቶ ወንደሰን፣ እርስዎ ይክፈል ብለዋል።»

«በሐዘን ላይ ሌላ ጣጣ እንዳይጨመር ብዬ ነው።»

«ለጦና ወንድምዎ ሰርግ አምሽቶ ተኝቷል አሉት። ለቤኒ ታሟል፣ ስኳርም ሰጥቼዋለሁ አሉት። ለእትዬ አረጋሽ እስከ ከተማው መግቢያ ደህና ነበር አሏቸው። ሦስቱ ሰዎች አንድ ቦታ ተገናኝተው ስለማያውቁ ሦስቱም ወሬ ለየብቻው ኖረ። ቤኒ ከተከራከረ ግን ጦናና ቤኒ አንድ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። የፈሩት ይህንን ነው።»

«ደንግጬ ነበር። የደነገጠ ሰው ምን እንደሚያወራ ያውቃል?»

«የደነገጠ ሰው ሰው እየሞተብኝ ነው ብሎ ይጮሃል። እርስዎ ጻፍ ብለው ቆመው ጠበቁ። በእግር የሚደረሰውን ሆስፒታል አሳለፉት። በላብ የተጠመቀውን ሰው ኮቱን አውልቀው ከነከረሜላው ሰቅለው መጡ። ቤኒ ሱቅ ጋ ልቁም ሲል ንዳ አሉት። ሰው ያየ እንደሆነ ለማዳን ሲበር ነው ይላል። ያ ሁሉ ፍጥነት ግን የትም እንዳይቆም ነበር።»

ብልቃጡን ለቤተልሔም አቀበለቻት። ልጅቷ ወደ መብራቱ አነሳችው። ገና ዓርብ ነበር አዲሱን የከፈትንለት አለች፤ ግማሹ የለም። ከዚያ አጎቷን አየችውና ብልቃጡ ከእጇ እንዳይወድቅ እናቷ ያዙላት።

ወንደሰን ብዙ አልታገለም። እሱም የደከመው ሰው ነበር። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያንን ሱቅ ሲከፍትና ሲዘጋ አርጅቶ፣ አንድ ቀን ወንድሙ ሱቁን ለልጄ ላዞር ነው ሲለው ቁጭ ብሎ ሰምቶ ነበር።

«እኔንስ የት ሊጥለኝ ነው ብዬ ነው» አለ ወደ አረጋሽ ሳያይ። «አንድ ቃል እንኳ አልጠየቀኝም።»

ጦና ክንዱን ይዞ አስወጣው፤ ውጭ ሞተሩ የተነሳ የፖሊስ መኪና ይጠብቅ ነበር።

ነገሩ አለቀ ብላ አስካለች ልትነሳ ስትል ቤኒን አየችው። በሩ አጠገብ ተቀምጦ የቅጣት ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶታል።

«ያ ሁሉ ሱቅ ነበር» አለ። «መንገዳችን ላይ ያለችው አሬካ ብቻ ስንት ሱቅ አላት። ሁሉንም አለፍኳቸው። ቀስ ብዬ ብነዳ ኖሮ በመስተዋቱ አያቸው ነበር፣ ልቤ ያስብ ነበር። ቅጣቱ የኔ ነው። ነገ እከፍላለሁ።»

አስካለች ሐዘኑን አልተቃወመችውም። እሷ የምታውቀው ሕጉን ነው።

«ከከፈልክ አምነህ ነው» አለችው። «ሕመምተኛ አልጫንኩም፣ ዝም ብዬ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። የወንደሰን ጠበቃ ያንን ይዞ ይቀርባል። ሾፌሩ ራሱ የታመመ ሰው ጭኜ ነበር ብሎ አልተከራከረም ይላል።»

«ተከራክሬ ካሸነፍኩ ደግሞ ጥፋት የለብህም ይሉኛል፣ እትዬ አስካለች። ያንን በምን ጆሮዬ ልስማው?»

የመለሱለት አረጋሽ ናቸው። ከፍራሹ ተነስተው መጥተው ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ቤኒ ሊነሳ ቢል ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ባሌ ሰርግ ላይ አምሽቶ የተኛ ሰው አልነበረም። ጋቢ አልብሰው ጤነኛ አደረጉት። ዳኛ ፊት ቁምና ታሞ ነበር በልልኝ። ከዚያ ወዲያ ራስህን ብትቀጣ አልከለክልህም።»

በቀጠሮው ቀን አስካለች እግሯን እየጎተተች ችሎት ስትገባ ቤኒ ቀድሟት ቆሟል። አረጋሽ ጥቁራቸውን ለብሰው ከልጃቸው ጋር የኋላ አግዳሚ ላይ ናቸው። ዳኛዋ ክሱን አነበቡና ጥፋቱን ታምናለህ ወይ አሉት። ቤኒ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ።

«ፈጥኛለሁ» አለ። «ግን የታመመ ሰው ይዤ ነበር።»

ከኋላ አረጋሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና በቀብሩ ዕለት እንኳ ያላለቀሱትን አለቀሱ፤ ዳኛዋም እስኪወጣላቸው ድረስ ጠበቁ።