የኮኮናት ቀለበት

እትዬ ሮሴንዳ ቀለበቱን ያዩት በቴሌቪዥን ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዶ ነበር።

ልጃቸው ሊጋያ ማኒላ ውስጥ በቀጥታ በሚተላለፈው የእሑድ ቀትር ዝግጅት ላይ ትስቃለች። ጠዋት ስትወጣ እንደ ልማዳቸው ከራስ እስከ እግሯ መርምረዋት፣ የቀሚሷን ጠርዝ አቃንተው፣ ጃንጥላ አስይዘዋት ነበር። እጇን ግን አላዩም። አሁን ከኮኮናት ቅርፊት የተጠረበው ቀለበት በመላው አገር ፊት ጣቷ ላይ ተቀምጧል።

«በቃ፣ አለቀልን» አሉ ለብቻቸው።

ሊጋያ የፊልም ተዋናይት ናት፤ ሁልጊዜ የምትጣመረውም ከጊልቤርቶ ጋር ነው። የፊልም ድርጅቱ ሁለቱን አጣምሮ ሲያሠራ አራት ዓመቱ፤ ተመልካቹ ከፊልም ውጭም እንደሚፋቀሩ ያምናል። ከሌላ ወንድ ጋር እንዳትታይ በውሏ ላይ ተጽፏል።

ቀለበቱን የጠረበው ግን ክሪሳንቶ ነበር፤ ሊጋያ ከሰዓት በኋላ የአድማጮችን የፍቅር ደብዳቤ እያነበበች በምትመክርበት ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን። የመጀመሪያ ቀን ዝናብ ደብድቧት ስትገባ፣ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ማራገቢያ ፊት ዘርግቶ አደረቀላት። ቀለሙ የፈሰሰውን አንዱን አንስቶ፣ «የዚህችን መጨረሻ አንቺው ፍጠሪላት፤ ብቻ አታስለቅሻት» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ እያነበበች ቀና ስትል በስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ዓይኑን ታገኘዋለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ ለትዳር የሚፈልግ ወንድ እንደሚያደርገው ለእናቷ ውሃ ቀዳ፣ ጣሪያ ደፈነ። ነጠላ ጫማውን የሚያወልቀው ከሟች ባለቤታቸው ነጠላ ጫማ አጠገብ ነው። ያንን እትዬ ሮሴንዳ ዘጠኝ ዓመት ከበራፉ አላነሱትም፤ ሌባ ቢመጣ ወንድ ያለበት ቤት እንዲመስለው። ክሪሳንቶን ግን አንድ ቀን ፈገግ ብለው አላዩትም። ጣሪያ ላይ በወጣ ቁጥር ወድቆ የሚሞትባቸው ይመስላቸዋል።

በሚቀጥለው እሑድ የክሪሳንቶ እናትና አባት እንደ ልማዱ ምግብ ይዘው ሊጋያን ለትዳር ሊጠይቁ ቀን ተቆርጦ ነበር።

ቀለበቱ በቴሌቪዥን በታየ ዕለት ማታ የፊልም ድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሮ ቪላሉና ቤት ድረስ መጣች። ነገ በሬዲዮ ቀለበቱን የሰጠኝ ጊልቤርቶ ነው ትበል፤ አለዚያ ውሏ ይቀደዳል አለች።

«አንድ ቃል ናት ልጄ፤ በያትና ይለፍ» አሉ እትዬ ሮሴንዳ፣ ሴትዮዋ ስትሄድ።

«እማ፣ ጣሪያሽን የደፈነው ጊልቤርቶ ነው?»

እትዬ ሮሴንዳ ተነስተው በሩን ቆለፉ፤ እንደ ልማዳቸውም መቆለፉን ደግመው ፈተሹ።

በማግስቱ ሬዲዮናቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ሊጋያ አንድ ደብዳቤ አነበበች። ጸሐፊዋ ስለ ሥራ ውሏ ስትል አንዱን የምታፈቅር ትመስላለች፤ የምትወደው ግን ከመስታወት ወዲያ የተቀመጠውን ነው። ከዚያ ዝምታ ሆነ። እትዬ ሮሴንዳ ያንን ዝምታ ያውቁታል፤ ልጃቸው ስትፈራ ትንፋሿን ትውጣለች።

«ደብዳቤው የኔ ነው» አለች ሊጋያ። «ስመክራችሁ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እናንተ ምከሩኝ። ክሪሳንቶ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

በአየር ላይ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መጀመሪያ ከማይክሮፎኑ ትንሽ ራቅ በዪ» አለ። «ሁለተኛ፣ እሑድ እናትና አባቴን ይዤ እመጣለሁ።»

ሳይመሽ ውሉ ተቀደደ። ሳምንቱን ሙሉ እትዬ ሮሴንዳ የተናደደ የፊልም ተመልካች በመስኮት ድንጋይ ሲወረውር በሐሳባቸው ታያቸው። እሑድም ውሏ የተቀደደባትን ልጅ ማን ይጠይቃል ብለው በቀትር በሩን ቀረቀሩ።

መንገዱ ላይ ሁካታ ሲሰሙ «መጡብን» ብለው በቀዳዳ አጮለቁ። ሕዝብ ነው፤ ሁሉም ድስት ተሸክሟል። ከፊት የክሪሳንቶ እናትና አባት ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል። ከኋላ የሬዲዮዋ አድማጮች፣ የልጁ ቤተሰብ ድሃ ነው ሲባል ሰምተው ከሱ ወገን ሆነው መጥተዋል። ጊልቤርቶ እንኳ አንድ ሙሉ የተጠበሰ አሳማ ልኳል።

«እትዬ፣ ይክፈቱ እንጂ» አለች አንዲት ወፍራም ሴት። «የሩዝ ኬኩ እየቀዘቀዘ ነው። ልጁን እምቢ ቢሉትም በልተን ነው የምንሄደው።»

ከፈቱ። የሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊም አንድ ጆንያ የአድማጮች ደብዳቤ አሸክሞ ገባ። ከደሴት እስከ ደሴት የሚሰማው የሬዲዮው የቀትር ዝግጅት ከነገ ጀምሮ የሊጋያ መሆኑን ሲናገር ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ።

የክሪሳንቶ አባት ተነስተው ልጅቷን ጠየቁ። ሁሉም ወደ እትዬ ሮሴንዳ ዞረ። ሊጋያ ትንፋሿን ዋጠች።

«በዝናብ ሰሞን ጣሪያው መልሶ ቢያፈስስ ማን አለኝ?» አሉ።

«እኔ አለሁ» አለ ክሪሳንቶ።

«እንግዲያው ውሰዳት። ስትወጣ ግን መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑርህ።»

ሊጋያ ስቃ አለቀሰች። ክሪሳንቶ ቀለበት ያለበትን እጇን ይዞ፣ እስኪመሽ አልለቀቀውም።

የመጨረሻው እንግዳ ሲሄድ እትዬ ሮሴንዳ ወደ በራፉ ወጡ። የባለቤታቸው ነጠላ ጫማ የለም። ሌባ ገብቷል ብለው ክው አሉ። ከዚያ በቦታው ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ ሌላ ነጠላ ጫማ አዩ። ክሪሳንቶ በደስታ ብዛት የባለቤታቸውን ተጫምቶ ሄዷል።

ለብቻቸው ሳቁ። የሱን አስተካክለው ባለቤታቸው ያስቀምጡበት በነበረው ቦታ አኖሩት። ገብተው በሩን ቆለፉ፤ የዚያን ቀን ግን መቆለፉን ደግመው አልፈተሹም።